ተከላካይ በአንድ ቀን አይሠራም
(የአቶ ይድነቃቸው ተሰማ ሕይወትና ለቡድናችን የሚሰጠው ትምህርት)

የስፖርት ዓምዳችን በዚህ እትም ከወትሮው ረዘም ያለ ጽሑፍ ይዞ ቀርቧል። ምክንያትም አለን። የተቋማችን እግር ኳስ ቡድን በውድድሩ መጀመሪያ ጎል ይዘንብበት እንደነበረ ሁላችንም እናውቃለን። አሁን ግን ጎል የሚገባብን አልፎ አልፎ ነው። በመኝታ ቤትም በምግብ አዳራሽም የሚነሣው ጥያቄ የኋላ መስመራችን ምን አግኝቶ ነው እንዲህ የጠነከረው የሚል ሆኗል። ገሚሱ ዕድል ነው ይላል። ገሚሱ ተጋጣሚዎቻችን ስለ ደከሙ ነው ይላል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በረኛውና የመሐል ተከላካዮቹ ባስቸኳይ ይለወጡ እያሉ ይጮኹ የነበሩትማ ዛሬ ድምፃቸው አይሰማም።

እኛ የዓምዱ አዘጋጆች በነገሩ ላይ ስንወያይ፣ መልሱ የአንድ ታላቅ ኢትዮጵያዊ ሕይወት ውስጥ ተጽፎ አገኘነው። እኚህ ሰው አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው። በሜዳ ላይ አጥቂ ነበሩ። በሕይወታቸው ግን የአፍሪካ እግር ኳስ ዋና ተከላካይ ሆነው ኖረዋል። ታሪካቸውን ባጭሩ እናቀርባለን። ዓመቶቹ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ከጅማ እስከ አራዳ

አቶ ይድነቃቸው የተወለዱት መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. በጅማ ነው። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በግጥማቸውና በዘፈናቸው የታወቁ፣ በጀርመን አገር ድምፃቸውን በሸክላ ካስቀረጹት የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አንዱ ነበሩ። ልጅየው ግን ልባቸው ያደላው ወደ ኳሱ ነው።

በ1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ፣ አራዳ ሠፈር የቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ ተቋቋመ። ስሙን ያገኘው በሠፈሩ ካለው ቤተ ክርስቲያን ነው። ይድነቃቸው ያን ጊዜ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ውስጥ የሚገኙ ልጅ ነበሩ። ከዚያ ወዲያ ከሃያ ዓመት በላይ ለዚሁ ክለብ ተሰልፈው ተጫውተዋል። ይህን ነገር ልብ በሉልን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን። አንድ ሰው በአንድ ቡድን ይህን ያህል ሲቆይ ጓደኞቹን በፊታቸው ብቻ ሳይሆን በኮቴያቸውም ጭምር ይለያቸዋል።

ክለቡ በተቋቋመ በወራት ውስጥ ፋሺስት ኢጣሊያ አዲስ አበባን ያዘ። በወረራው ዘመን በከተማው የነበረው ሥርዓት ነጭን ከጥቁር የሚለይ ሥርዓት ነበር። ኳስ ሜዳውም ከዚያ አላመለጠም። እንግዲህ አቶ ይድነቃቸው የዘር ልዩነት የሚባለውን ነገር በመጽሐፍ አንብበው አይደለም ያወቁት። በወጣትነታቸው በገዛ አገራቸው ሜዳ ላይ ነው ያዩት። በኋላ ያደረጉትን ሁሉ ለመረዳት ይህን ማስታወስ ያስፈልጋል።

አገሪቱ ነፃ ከወጣች በኋላ የስፖርቱን ቤት ከመሠረቱ መሥራት ግድ ሆነ። አቶ ይድነቃቸው በአንድ በኩል እየተጫወቱ፣ በሌላ በኩል ፌዴሬሽኑን ከሚያደራጁት ግንባር ቀደም ሆኑ። በ1936 ዓ.ም. ሻምፒዮናው ሲጀመር ቅዱስ ጊዮርጊስ የገጠመው ከጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶ፣ ከአርመኖቹ አራራት፣ ከግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስና ከእንግሊዝ ጦር ሚስዮን ቡድን ጋር ነበር። ትናንት አብረው እንዳይጫወቱ የተከለከሉ ሰዎች ዛሬ በአንድ ሜዳ፣ በአንድ ሕግ፣ በአንድ ፊሽካ ተገናኙ ማለት ነው።

አራት ለባዶ

በሰኔ 1948 ዓ.ም. የዓለም እግር ኳስ ጉባኤ በሊዝበን ሲደረግ፣ የአፍሪካ ተወካዮች የራሳቸውን ማኅበር ለማቋቋም ተስማሙ። በየካቲት 1949 ዓ.ም. በካርቱም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) ተመሠረተ። መሥራቾቹ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ሲሆኑ፣ አቶ ይድነቃቸው ከመሥራቾቹ መካከል ነበሩ። ወዲያውም የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ እዚያው ተደረገ።

ታዲያ ችግር ተነሣ። ደቡብ አፍሪካ ወይ ነጮች ብቻ፣ ወይ ጥቁሮች ብቻ ያሉበት ቡድን እንጂ የተቀላቀለ አልክም አለች። ካፍም እንዲህ ከሆነ አትጫወቺም አላት። ደቡብ አፍሪካ ልትገጥም የነበረው ከእኛው ቡድን ጋር ስለነበረ፣ ኢትዮጵያ አንድም ጨዋታ ሳታደርግ ለፍጻሜ አለፈች።

እንግዲህ አስቡት። ግብፅ ሱዳንን ታግላ 2 ለ 1 አሸንፋ መጥታለች። የእኛ ተከላካዮች ግን የውድድሩ የመጀመሪያ ጨዋታቸው ፍጻሜው ሆነ። ውጤቱ 4 ለ 0 ነበር። አራቱንም ያገባው አንድ ሰው፣ ኤል ዲባ የተባለው ግብፃዊ ነው። አንድ ተጫዋች አራቴ ሲያገባ ችግሩ የበረኛው ብቻ አይሆንም። ያንን ሰው የሚይዘው ማን እንደሆነ፣ የሚይዘው ሲያልፈው ደግሞ ማን እንደሚሸፍንለት የኋላ መስመሩ ገና አልተግባባም ማለት ነው። እንዲህ ያለ መግባባት ደግሞ ከጨዋታ እንጂ ከሌላ ከየትም አይገኝም።

በግንቦት 1951 ዓ.ም. ቡድናችን ለሁለተኛው ዋንጫ ወደ ካይሮ ሄደ። በመጀመሪያው ጨዋታ በዚያን ጊዜ የተባበረችው ዓረብ ሪፑብሊክ ትባል የነበረችው ግብፅ ዳግመኛ 4 ለ 0 አሸነፈችን። ከቀናት በኋላ ከሱዳን ጋር ሲገናኝ ግን የገባበት አንድ ጎል ብቻ ነው። ሱዳንና ግብፅ አንድ ስላልሆኑ ከዚህ ብቻ ተነሥተን መከላከሉ ተሻሻለ ብለን አንፈርድም። የተሻለው ፈተና የመጣው ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ያቺው ግብፅ አዲስ አበባ ስትመጣ ነው።

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.

ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ በአዲስ አበባ ተደረገ። ቡድኑን በአሠልጣኝነት የመሩት አቶ ይድነቃቸው ነበሩ። ተጫዋቾቹ ከአዲስ አበባ፣ ከአስመራና ከድሬዳዋ ክለቦች የተውጣጡ ነበሩ። አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ሲሆን፣ ወንድሙ ኢታሎም አብሮት ተሰልፏል። ጥር 6 ቀን ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸንፈው ለፍጻሜ ደረሱ።

ፍጻሜው ጥር 13 ቀን ነበር። በ35ኛው ደቂቃ የግብፁ ባደዊ አገባ። ቡድናችን እየታገለ ቆይቶ በ74ኛው ደቂቃ ግርማ ተክሌ አቻ አደረገ። ስታዲየሙ በእልልታ ተናወጠ። ግን በ75ኛው ደቂቃ፣ ያ ሁሉ ደስታ ሳይበርድ፣ ያው ባደዊ ሁለተኛውን ጨመረ። ኳስ የምትጫወቱ ሁሉ ይህን ታውቁታላችሁ። ተከላካይ ቡድኑ ጎል ባገባ ማግስት ሊዘናጋ ይችላል። እግሩ ሜዳው ላይ ሆኖ ልቡ ገና ከጨፋሪው ጋር ነው።

በ84ኛው ደቂቃ ሉቺያኖ ቫሳሎ እንደገና አቻ አደረገ። አሁንስ ምን ሆነ? ያ የአንድ ደቂቃ ጥፋት አልተደገመም። መደበኛው ጊዜ አለቀ፤ ሠላሳ ደቂቃ ተጨመረ። በ101ኛው ኢታሎ ቫሳሎ፣ በ117ኛው መንግሥቱ ወርቁ አገቡ። ከ75ኛው ደቂቃ በኋላ በኢትዮጵያ መረብ ላይ አንድም ኳስ አላረፈም። ውጤቱ 4 ለ 2 ሆኖ፣ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ አምበሉ ሉቺያኖ ተቀበለ። ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ የበላችው በዚህ ጊዜ ነው።

በ1949 እና በ1951 ከግብፅ በዘጠና ደቂቃ አራት አራት ጎል የገባበት ቡድን፣ በ1954 በመቶ ሃያ ደቂቃ ሁለት ብቻ ገባበት። አዎን፣ የገዛ አገራችን ሜዳ ነበር፤ የአዲስ አበባ ከፍታም እንግዳን ያስተነፍሳል። ይህ ሁሉ ረድቷል። ግን ከፍታው በ75ኛው ደቂቃም የነበረ ነው። በ75ኛውና በ84ኛው መካከል የተለወጠው የተጫዋቾቹ ልብ እንጂ አየሩ አይደለም።

ትልቁ የመከላከል ጨዋታ

አሁን ከሜዳው ወጥተን ወደ ጉባኤው አዳራሽ እንግባ። የአቶ ይድነቃቸው ትልቁ ጨዋታ እዚያ ነበርና።

የኋላ መስመር እንዴት እንደሚሠራ አስቡ። አራቱ ተከላካዮች እኩል ሲወጡ የተጋጣሚው አጥቂ ኦፍሳይድ ውስጥ ይቀራል። አንዱ ብቻ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ቢዘገይ ግን የሦስቱ ልፋት ከንቱ ነው፤ አጥቂው በነፃ ይገባል። የአፍሪካ አገሮችም በደቡብ አፍሪካ የዘር አገዛዝ ላይ የቆሙት እንዲሁ በመስመር ነው። የአቶ ይድነቃቸው ሥራ ከዓመት ዓመት ያንን መስመር እኩል ማቆም ነበር።

በመስከረም 1954 ዓ.ም. ፊፋ ደቡብ አፍሪካን አገደ። ጥሩ ጅምር ነበር። ግን በእንግሊዛዊው ሰር ስታንሊ ራውስ ፕሬዚዳንትነት ጊዜ፣ በጥር 1955 ዓ.ም. እገዳው ተነሣ። ይህ ማለት የ75ኛው ደቂቃ ጎል ነው። አፍሪካውያን ግን ተስፋ አልቆረጡም፤ አዳዲስ ነፃ የወጡ አገሮችም መስመሩን ተቀላቀሉ። በመስከረም 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ጉባኤ እገዳው ተመለሰ። በሐምሌ 1968 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ ከፊፋ ጨርሳ ተባረረች።

በዚያው ዘመን ሌላም ክርክር ነበር። ለ1958ቱ የእንግሊዝ ዓለም ዋንጫ ለአፍሪካ ቀጥተኛ ቦታ አልተሰጠም። የአፍሪካው አሸናፊ ከሌላ ክፍለ ዓለም አሸናፊ ጋር ገና መጋጠም ነበረበት። አፍሪካውያኑ ባንድነት ከማጣሪያው ወጡ። ብዙ ሰው የዋህነት መስሎት ነበር፤ የማይጫወት ቡድን ምን ያገኛል ተብሎ። በሚቀጥለው፣ በ1962ቱ የሜክሲኮ ዋንጫ ግን ለአፍሪካ አንድ ቦታ ተሰጠ፤ ሞሮኮ ሄደች።

አቶ ይድነቃቸው በ1964 ዓ.ም. የካፍ ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ። የዓለም አቀፍ ኦሊምፒክ ኮሚቴም አባል ነበሩ። በሰኔ 1966 ዓ.ም. የፊፋ ምርጫ ሲደረግ የአፍሪካ ድምፅ ራውስን ጥሎ ብራዚላዊውን ሃቬላንጅን ለማስመረጥ ትልቅ ድርሻ ነበረው። በ1974ቱ የስፔን ዋንጫ የአፍሪካ ቦታ ሁለት ሆነ፤ አልጄሪያም ምዕራብ ጀርመንን 2 ለ 1 አሸነፈች። አቶ ይድነቃቸው በፕሬዚዳንትነታቸው እንዳሉ ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. በ65 ዓመታቸው ዐረፉ።

የልፋታቸውን ፍሬ ሁሉ አላዩም። ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን ይዛ ወደ ፊፋ የተመለሰችው በ1984 ዓ.ም. ነው። በ1988 ዓ.ም. የአፍሪካን ዋንጫ በላች፤ በ2002 ዓ.ም. የዓለም ዋንጫን አስተናገደች። በ1949 ዓ.ም. በካርቱም የተጠየቀችው ይህንኑ ነበር፤ ቡድንሽን ቀላቅለሽ ነይ ነው የተባለችው። በ2015 ዓ.ም. በቀጠር ደግሞ ሞሮኮ ከአፍሪካ የመጀመሪያዋ ሆና ለግማሽ ፍጻሜ ደረሰች። እስከዚያ ባደረገቻቸው አምስት ጨዋታዎች የገባባት አንድ ጎል ብቻ ሲሆን፣ እሱም የራሷ ተከላካይ ያገባው ነበር።

እንግዲህ ወደ እኛው ሜዳ

ከዚህ ታሪክ ለቡድናችን ጥያቄ የሚከተሉትን መልሶች አውጥተናል።

አንደኛ፣ አብሮ መቆየት ነው። የመጀመሪያዎቹ ጨዋታዎች ለእኛ ልክ እንደ ካርቱሙ ፍጻሜ ነበሩ። ተከላካዮቻችን ከልዩ ልዩ ወረዳ የመጡ፣ ገና ስም እንኳ በቅጡ ያልተዋወቁ ነበሩ። ጎል በገባ ቁጥር ሰው ቢለወጥ ኖሮ እስካሁንም ገና በመተዋወቅ ላይ በሆንን። አሠልጣኛችን ያንኑ መስመር አለመንካታቸው ትልቁ ውሳኔ ነው እንላለን።

ሁለተኛ፣ ቋንቋ ነው። ይህ የዶሎ ኦዶ ልዩ ጉዳይ ነው። በመጀመሪያ በረኛው በሶማሊኛ ባሕ ሲል፣ አንዱ ተከላካይ በኦሮምኛ ባኢ፣ ሌላው በአማርኛ ውጣ ይል ነበር። ሦስቱም ትርጉማቸው አንድ ነው፤ ኳሱ ግን አስተርጓሚ አይጠብቅም። አሁን አራት አምስት ቃላት መርጠው ተስማምተዋል፤ ከየቋንቋው አጭር አጭሩን ወስደዋል። በሁለት ተከላካዮች መካከል ኳስ ሳይነካ የሚያልፍበት ያ አሳፋሪ ነገር የቀረው ከዚያ ወዲህ ነው።

ሦስተኛ፣ መከላከል ከፊት እንደሚጀምር መታወቁ ነው። ቀደም ሲል አጥቂዎቻችን አብዶ ሠርተው ኳሷን ሲቀሙ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ይቆሙ ነበር። አሁን የተቀማ ሰው መጀመሪያ የሚያሳድደው ራሱ ነው። አማካዮቹም ይመለሳሉ። ስለዚህ ተከላካዩ አንድን አጥቂ ብቻውን የሚጋፈጥበት ጊዜ ቀንሷል።

አራተኛ፣ ትንፋሽ ነው። የገናሌና የዳዋ ወንዞች በሚገናኙበት በዚህ ቆላ ከሰዓት በኋላ የሚወርደው ሙቀት ደጋ ለለመደ ሰው ቀላል አይደለም። አብዛኛው ጎል የሚገባብን በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ነበር። በልምምድ ብዛት ሰውነት ሙቀቱን ለመደ። ተከላካዮቹም ኳሷን ዝም ብሎ መጠለዝ ትተው በቅርብ ላለ ጓደኛ ማቀበል ያዙ፤ የተጠለዘች ኳስ ወዲያው ተመልሳ ትመጣለችና ያደክማል።

አምስተኛ፣ ከጥፋት መማር ነው። በየጨዋታው ማግስት ቡድኑ ተሰብስቦ እያንዳንዱ ጎል ከየት እንደጀመረ ወደ ኋላ ይቆጥራል። ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ጥፋት በረኛው ዘንድ ሳይሆን ከሦስትና ከአራት ቅብብል በፊት ነው። የ74ኛውና የ75ኛው ደቂቃ ታሪክም ለተጫዋቾቹ ቢነገራቸው አይከፋም። ጎል ስናገባ እልል እንበል፤ ወደ ቦታችን ግን ቶሎ እንመለስ።

ዕድል ነው ወይም ተጋጣሚዎቻችን ደክመው ነው ለሚሉት አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። ፍርዱን በሁለተኛው ዙር እንስጥ። ያኔ የምንገጥማቸው በመጀመሪያው ዙር ያሸነፉንን እነዚያኑ ቡድኖች ነው። ኢትዮጵያ ከግብፅ ጋር ሦስት ጊዜ ተገናኝታ ራሷን እንደለካችው ሁሉ፣ እኛም በዚያው ሚዛን እንመዘን።

በመጨረሻ፣ ለዕጩ መምህራን ጓደኞቻችን አንድ ነገር እንጨምር። ነገ ሥራ ይዘን በየገጠሩ ትምህርት ቤት ስንበተን፣ በየክፍሉ በመጀመሪያው ፈተና አራት ለባዶ የተሸነፈ ልጅ እናገኛለን። ይህ ልጅ አይረባም፣ ይለወጥ የሚለው ድምፅ እዚያም አለ። በ1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ የኢትዮጵያ እግር ኳስ አይረባም ተብሎ ቢተው ኖሮ የ1954ቱ ዋንጫ አይገኝም ነበር። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይላሉ አባቶቻችን። እንቁላሉን ታቅፎ የሚቆይ ሰው ግን ያስፈልጋል። አቶ ይድነቃቸው ለአፍሪካ ኳስ ያ ሰው ነበሩ። በየክፍላችን ያ ሰው መሆን የእኛ ተራ ነው።

በሚቀጥለው ጨዋታ ሁላችንም ሜዳ እንገናኝ። ለበረኛችንም እናጨብጭብ።

ከስፖርት ዓምድ አዘጋጆች